እሷ የትም አትሄድም

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከንቲባውን ሲሰድብ ነው።

ድምፁን አልሰማሁም። በፋብሪካው ሦስተኛ አዳራሽ አንዱን የሽመና ማሽን አስነስቼ እየሞከርኩ ነበር፤ ያ ማሽን ሲሠራ ሰው እንኳን ሌላውን ራሱንም አይሰማም። ቀና ስል የዕቃ አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መሀል ቆሟል። በሽቦ በሩ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ሽቦውን በሁለት እጁ ጨብጦ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከክቡር ከንቲባው ጀምሮ እስከ አሳንሰሩ ሠሪ አያት ድረስ ሳይነካ የቀረ ሰው አልነበረም።

ማሽኑን አጠፋሁት። ጸጥ ሲል እሱም ወዲያው ጨዋ ሆነ።

«ይቅርታ፣ እህቴ... ሰው አለ?»

«ሰውስ አለ። ግን በከንቲባው ላይ ያን ያህል አይፍረዱ፤ አሳንሰሩ እሳቸው ሳይሾሙም እንዲሁ ነበር።»

ፊቱ የክራቫቱን ቀይ ቀለም ያዘ። «ሰሙኝ እንዴ?»

«አልሰማሁዎትም። አየሁዎት።»

ይህን ማስረዳት አለብኝ። እናቴ በዚህ አዳራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሸማኔ ነበረች። ሁለት መቶ አርባ ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጮህ ወሬ በጆሮ አይሄድም፤ በከንፈር ነው የሚሄደው። ሸማኔዎቹ አፋቸውን ለጠጥ ሰብሰብ እያደረጉ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ሲያሙ ይውሉ ነበር። ሥራው ሲቆም ልማዱን ይዘውት ወጡ። እኛ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ መስኮት ላይ ቆመው፣ አንድም ድምፅ ሳያወጡ፣ የሦስተኛዋን ትዳር ሲያፈርሱ ቢታዩ ማንም አይደነቅም። የእናቴን ጆሮ ማሽኑ ጨርሶ ወሰደው። ስለዚህ እኔ አፌን ከመፍታቴ በፊት አፍ ማንበብ ነው የተማርኩት።

ወደ ሞተሩ ክፍል ወጥቼ የላላውን ዳዶ አጠበቅሁና አወረድኩት። ከሽቦው ሲወጣ እጁን ዘረጋልኝ። ግራሶ የነካውን እጄን አሳየሁት። አየውና አሁንም እንደዘረጋ ቆመ። ጨበጥኩት፤ አውራ ጣቴ በነጭ ሸሚዙ እጅጌ ላይ ታትሞ ቀረ።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ብሎን ነው የሚሉኝ።»

«ብሎን?»

«ትንሽ ናት፣ ከጠበቀች ግን አትፈታም ለማለት ነው። እርስዎስ?»

«የተሰጥኦ መሳቢያ ጽሕፈት ቤት ሀላፊ ነኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ከተማዋ አረጀች። እግር ያለው ሁሉ ሄደ፤ የቀሩት ጡረተኞች፣ ድመቶችና ምክር ቤቱ ናቸው። ምክር ቤቱ ዓመት ሙሉ ተሰብስቦ የደረሰበት መፍትሔ ባለ ተሰጥኦ ሰዎችን ከውጭ መሳብ ነበር። ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። መጨስ በተወው የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይም ከላይ እስከ ታች «ባለ ተሰጥኦዎች ሆይ፣ ከተማችን እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃችኋለች» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ለሚመጣ ሰው መኖሪያ ቤት፣ ከፋብሪካው አዳራሾች አንዱና የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይሰጠዋል። ሕዝቡ ደግሞ የመጡትን «ተሳቢዎች» አላቸው፤ ከጭነት መኪና ኋላ እንደሚጎተተው። በራሳቸው አይንቀሳቀሱም፣ የፈቷቸው ቀን ደግሞ ወደመጡበት ይንከባለላሉ ለማለት ነው። ሀላፊው ራሱ ተሳቢ ነበር፤ ከትልቁ ከተማ በሁለት ዓመት ውል ከመጣ ስምንት ወሩ።

«ምን ያስቅዎታል?» አለኝ።

«ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጨርቅ ማን የሸመነው ይመስልዎታል?»

«ማን?»

«እኔና አምስት ሴቶች። እዚሁ።»

ዞር ዞር ብሎ አየ። አቧራ ከለበሱት ማሽኖች መሀል አሥራ ሁለቱ ተወልውለው ያበራሉ። ከተመረቅሁ ጀምሮ አንዱን እየበለትኩ ሌላውን ስጠግን አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከእናቴ ጓደኞች መካከል ገና ጉልበት ያላቸው አምስት ሸማኔዎች ሸራና ፎጣ ይሠሩባቸዋል። የገባነው በዘበኛው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ጋሼ ዘበኛ አንድ ቀን ራሳቸውን መነቅነቃቸው ነው።

«እስቲ ሁሉንም ያስነሷቸው» አለኝ፤ ዓይኑ እንደ ልጅ በርቶ።

«ሁለት ብቻ ነው የሚነሳው። መብራቱን የሳብነው ከዘበኛው ቤት ነው። ሦስተኛውን ካስነሳን የጋሼ ምድጃ ይጠፋል፤ የጋሼ ሻይ ከቀረ ደግሞ ፈቃዳችንም ይቀራል።»

«ታዲያ አዳራሹን ለምን አላመለከቱም? መስመር ይገባልዎት ነበር'ኮ።»

«ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። አመልካች ከከተማዋ ውጭ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖረ መሆን አለበት ይላል ደንቡ። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ነበርኩ፤ ግን በየቅዳሜው ልብሴን ላጥብ እመጣ ነበር። የእርስዎ ሰዎች ቅዳሜዎቹን ቆጥረው ጣሉኝ።»

«ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

አውራ ጣቴ የታተመበትን እጅጌውን እያየ ቆመ። የተማረ ሰው ዝም ሲል ደስ ይለኛል።

በማግሥቱ አሳንሰሩን ሊያይ መጣ። በሦስተኛው ቀን አሳንሰሩ ደህና ማደሩን ሊያረጋግጥ መጣ። በአራተኛው ቀን ምክንያት አለቀበትና ፔርሙዝ ይዞ መጣ። የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

«አንቺ ብልዎት ይከፋዎታል?» አለኝ።

«ከንቲባውን አንተ እያልክ ስትሰድብ አይቼሃለሁ። ለእኔ ብለህ አትጨነቅ።»

ሳቀ። ቀስ እያለ ሳቁ ጠፋና ሲጋራ እንዳጣ ሰው ጣቶቹን ማፍተልተል ጀመረ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ስናወራ ዓይኔን አታይም። ከንፈሬን ነው የምታይው።»

«ልማድ ነው።»

«ማሽኑ'ኮ ጠፍቷል።»

እውነቱን ነው። ማሽኑ ከጠፋ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በከንፈር ማውራት አስተምሪኝ ብሎ ያዘኝ። ለዚህ የሚሆን አፍ አልነበረውም፤ አፉ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ነው፣ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይልም። አንድ ቀን ግን ሁለቱ ማሽኖች እየጮሁ፣ ከወዲያኛው ጥግ ቆሞ፣ ጥርት አድርጎ «ቆንጆ ነሽ» አለኝ። እጄን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አልገባኝም አልኩት። ደገመው። አሁንም አልገባኝም። አራት ጊዜ አስደገምኩት።

አምስቱ ሸማኔዎች ሥራ ፈትተው እኛን ሲያነቡ ነበር። ትልቋ ከማሽኗ ጀርባ ሆና በከንፈሯ አንድ ነገር አለች፤ ሌሎቹ ተያይዘው በሳቅ ፈረሱ።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ስለ ክር ነው።»

«ብሎን ዳዶዋን አገኘች» ነበር ያለችው።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። በእነዚህ አራት ወራት ደስተኛ ነበርኩ ማለት ይከብደኛል። ደስታዬን እያየሁ አሥሩ ማሽን ቆሞ ይውላል። ሸማኔዎቹ በተራ ነው የሚሠሩት፤ የአምስተኛዋ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ቤቷ ገብታለች። ደንበኛ ሸራ ፈልጎ ይመጣል፣ መቼ ይደርሳል ይላል፣ እነግረዋለሁ፣ ይሄዳል። ትልቋ ሸማኔ ልጇ ጋ ሌላ አገር ልትሄድ እንደምታስብ ነገረችኝ። መስመሩ ካልገባ በዓመቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ብሎን ሳጠብቅ ልታገኙኝ ትችላላችሁ።

«ኮሚቴው ረቡዕ ይሰበሰባል» አለኝ አንድ ቀን። «የቅዳሜዎቹን ነገር እኔ አስረዳቸዋለሁ። ለእኔ ተይው። አንቺ እዚሁ አዳራሽ ጠብቂኝ።»

ተውኩለት። እናቴ ግን አልተወችም። «ተነሽ እንጂ፣ ሄደን እንይ» አለችኝ፤ ፊልም የምትጋብዘኝ ነበር የሚመስለው።

የጽሕፈት ቤቱ መሰብሰቢያ ክፍል አራቱም ግድግዳው መስታወት ነው። ከንቲባው በግልጽነት እንሠራለን ሲሉ አናጢው ቃላቸውን አክብሮ የሠራው ነው። ድምፅ አያሳልፍም። በሌላ ከተማ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ጡረታ የወጣ ሸማኔ በሞላበት ከተማ ግን የመስታወት ግድግዳ ማቆም ምን ይባላል? ጡረተኞቹ በየረቡዑ ከፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ስብሰባ ይከታተላሉ። ምክር ቤቱ ወሬ የሚያወጣ ማን ነው ብሎ እስካሁን ሁለት ጸሐፊ አባሯል።

ከእናቴ ጋር ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ለሦስተኛው አዳራሽ ሁለት አመልካች ነበር፤ እኔና «የሐሳብ ማፍለቂያ ማዕከል» ልክፈት የሚል ሰው። ማዕከሉ ምን እንደሚሠራ ከኮሚቴው አንዱ ጠየቀ። ሰዎች ባለ ቀለም ትራስ ላይ ተቀምጠው እንደሚያስቡበት ተገለጸለት። ከንቲባው ወደ ሀላፊው ዞሩ።

«ልጅቷ ብትከለከል ምን ትሆናለች?»

የሸሚዙን እጅጌ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያም በጥሩ አነጋገር፣ ያስተማርኩትን ሁሉ በሥራ ላይ አውሎ፣ እንዲህ አለ፦

«እሷ የትም አትሄድም። እዚሁ ናት። እሱ ግን ካልሰጠነው ሌላ ከተማ ይወስደዋል። ለሚመጣው እንስጥ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ግን የእናቴ እጅ ጉልበቴን አንቆ ያዘው።

ስብሰባው አልቆ ሲወጣ እኔንና እናቴን አየ። በአንድ አፍታ ፊቱ ብዙ ነገር ሆነ፤ መጨረሻ ላይ የሐዘን ፊት መረጠና ወደ እኔ መጣ።

«መጣሽ እንዴ? ብሎንዬ፣ ምን ልበልሽ... ብዙ ተከራከርኩ። እስከ መጨረሻው ታገልኩልሽ፣ ግን...»

እናቴ ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚጮህ አታውቅም።

«ውሸቱን ነው!»

ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ብድግ አሉ። አግዳሚ ወንበሩ በሙሉ ዞረ።

«እንሂድ፣ እማዬ» አልኩ።

«ስሚኝ፣ በናትሽ...»

«ልስማህ? እኔ መች ሰምቼህ አውቃለሁ። አየሁህ።»

ስንት ዓይነት ስድብ አለ። ወፍራም፣ አጭር፣ ደደብ፣ ብሎን። «የትም አትሄድም» የሚባለው ግን ለምሰሶ ነው፤ ለአሮጌ ድልድይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መፍቻ ባነሳ መፍቻ ወረወርኩ፣ ዳዶ ባነሳ ዳዶ ወረወርኩ። ከዚያ ተቀምጬ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በአውቶቡስ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ለሚርቅ ሌላ አሮጌ የፋብሪካ ከተማ። እዚያም ጽሕፈት ቤት አላቸው፣ ጨርቅ ሰቅለዋል፣ እጃቸውን ዘርግተዋል። ከከተማቸው ውጭ አምስት ዓመት ኖሬ እንደሆን ይጠይቃል ቅጹ። «ሃያ ዘጠኝ» ብዬ ሞላሁ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ ባለ ተሰጥኦ!»

ማለት ተሰጥኦዬ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ካልተጓዘ አይታይም።

እሱ በየማለዳው በራችን ላይ ይቆም ነበር።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ብሎን አለች?»

«ጆሮዬ አይሰማም።»

አፉን ለጠጥ አድርጎ በከንፈር ደገመላት።

«ዓይኔም ደክሟል» አለችና በሩን ዘጋችው።

በአራተኛው ቀን በርጩማ አወጣችለት። «ምን ማለትሽ ነው?» ስላት «መቆሙ አሳዝኖኝ ነው፤ የሚቀመጥ ሰው ነገሩ ያጥራል» አለችኝ። አላጠረም። ዐሥር ቀን ሙሉ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሁለቱም ያለ ድምፅ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጥዬ አልፋቸው ነበር። ምሕረት እየለመነ መሰለኝ። አላየሁም። አለማየት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ መፍቻዎቼን ልሰበስብ አዳራሽ ገባሁ። ሠራተኞች ቢጫና ሐምራዊ ትራስ እየተሸከሙ ይገባሉ። እሱ በር ላይ ቆሟል።

«ምክንያቱን ንገረኝ» አልኩት። «ሳታስጌጥ።»

«ውሌ የሚታደሰው አርባ ሰው ካመጣሁ ነው። አሥራ አንድ አምጥቼ ሰባቱ ሄደዋል። አንቺ አትቆጠሪም። ቅጹ ላይ ያልሄደ ሰው የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

«እና ሸጥከኝ።»

«አዎ።»

ትራስ የተሸከመ ሰው በመሀላችን አለፈ።

«ግን ያ ቃል ለኮሚቴው የፈጠርኩት አይደለም» አለ። «ጠዋት ስነሳ ለራሴ የምለው ነው። ያመጣሁት ሁሉ ይሄዳል፣ እኔም ነገ እሄዳለሁ፣ እሷ ግን የትም አትሄድም እያልኩ ነው የምነሳው። የምጽናናበትን ነገር አውጥቼ ለክርክር አዋልኩት። ሲወጣ ለራሴም አስጠላኝ።»

«ምሰሶውን ተደግፈህ ምሰሶውን ሸጥከው በለኛ።»

«አዎ።»

ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ እሱን ለመጥላት ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቼ ስጨርስ ሰውየው እውነት መናገር ጀመረ።

አውቶቡሱ ጠዋት ነበር። እናቴ፣ ጋሼ ዘበኛና አምስቱ ሸማኔዎች ሊሸኙኝ መጡ። ጋሼ «ብሎኔ፣ እንግዲህ ይሄ አሳንሰር ሰው ሲውጥ ማን ያወጣዋል?» ብለው ሳቁ፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እሱ ከቲኬት መሸጫው አጠገብ ብቻውን ቆሞ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ አይከፈትም፣ ሞተሩ ይጮኻል። ሞተሩ ሲጮህ እሱ ወደ መስታወቱ መጣ።

«አትሂጂ» እንዲለኝ እየጠበቅሁ ነበር። መልሱን ሌሊቱን ሙሉ ስስለው አድሬያለሁ።

ከንፈሩን ለጠጥ ሰብሰብ አደረገ፤ ልክ እንደ እናቴ፣ ልክ እንደ ድሮ ሸማኔዎች። በርጩማው ላይ ዐሥር ቀን ሙሉ ሲማር የነበረውን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«ሂጂ» አለኝ። «እኔ የትም አልሄድም።»

አውቶቡሱ ተነሣ። መልስ አልሰጠሁትም፤ የተዘጋጀሁት ለሌላ ነገር ነበር።

አዲሱ ከተማ ደህና ነበር። ስልሳ ማሽን ሰጡኝ፣ ስልሳውም ባንድ ጊዜ ይነሳል። ሰው ሁሉ «ባለ ተሰጥኦዋ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ብሎን የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። በየሳምንቱ እሑድ ከእናቴ ጋር በስልክ እንተያያለን፤ ድምፁን አጥፍተን። የከተማውን ወሬ በከንፈሯ ነው የምትነግረኝ። አሥራ ሁለቱን ማሽኖች ሊያወጡ በመጡ ጊዜ ሰባቱ ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ። አምስቱን ግን ሀላፊው፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከጋሼና ከሸማኔዎቹ ጋር በቧንቧ ላይ እያንከባለለ ወደ አሮጌው የብስክሌት ማቆሚያ ወሰዳቸው። መብራቱን እንደገና ከጋሼ ቤት ሳቡ። ማዕከሉ በአራተኛው ወር ተዘጋ፤ ባለቤቱን የተሻለ እይታ ያለው ከተማ ሳበው። ትራሶቹን ድመቶች ወረሷቸው። ለማሰብ ይጠቀሙባቸው አይጠቀሙባቸው አልታወቀም።

እኔ ስለ እሱ አልጠይቅም፣ እናቴ ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሑድ ከትከሻዋ ኋላ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ጥቁር ግራሶ አለ።

«ማሽኑ ይንሸራተታል» አለኝ በከንፈሩ። «ሞተሩ ይዞራል፣ ማሽኑ አይዞርም።»

«ምን አደረግከው?»

«ምንም። ሁሉንም ነገር በደንብ ግራሶ ቀባሁት።»

«ሁሉንም? ሞተሩን ከማሽኑ የሚያገናኘውን የጎማ ቺንጋም?»

አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቺንጋውን በተለይ» አለ።

ቺንጋ የሚጎትተው አንቆ ስለሚይዝ ነው፤ ግራሶ የነካው ቺንጋ ባለበት ይንሸራተታል። ይህን ሕፃን ያውቃል። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ የቱ ለየቱ እንደሆነ አላውቅም። ከስድስት ወር በኋላ ያወራነው የመጀመሪያው ነገር ቺንጋ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስለ ማሽን ይጠይቀኛል። ስለ ክር፣ ስለ ክር መወርወሪያው፣ ስለ ማሽኑ ጥርስ። ስለ እኛ አንድ ቃል አላወራንም። ግን በየእሑዱ በከንፈር ስናወራ ከኋላው የብስክሌት ማቆሚያው ይታየኛል፤ ማሽኑ ሁልጊዜ የጠፋ ነበር።

ሁለት ዓመቱ ሞላ። ውሉ አልታደሰም። ሌላ ከተማ ጠራው፣ አልሄድም አለ። ከተማው የሰጠውን ቤት አስረክቦ ከጋሼ ጓሮ አንድ ክፍል ተከራየ፤ ቀን ቀን የሸማኔዎቹን ሸራ ይዞ ደንበኛ ያፈላልጋል። ጽሕፈት ቤቱ ከመጡት ዝርዝር ሰረዘው። ሄደ ብሎ እንዳይጽፍ አልሄደም፣ መጣ ብሎ እንዳይጽፍ እዚያው ነው።

ከዚያ አራት ወር ቆይቶ የምሠራበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ለሸራ ቅርንጫፍ የሚሆን ቦታ ትፈልግ ነበር። ሦስተኛውን አዳራሽ ነገርኳት።

«እዚያ የሠለጠነ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አምስት ሸማኔ አለ። አንድ ቺንጋ ግራሶ የሚቀባ ሰውም አለ።»

በድርጅቱ ስምና ማኅተም ደብዳቤ ላክን። አዳራሹን ስጠይቅ ይህ አምስተኛዬ ነው። አራት ጊዜ በራሴ ስም ጠይቄ ሦስቴ ቅዳሜዎቼ ተቆጠሩ፣ አንዴ የትም አትሄድም ተባልኩ፤ አሁን በሳምንቱ አዳራሹም፣ መስመሩም፣ የአቀባበል ሥነ ሥርዓቱም ተፈቀደ። ከሄድኩ አንድ ዓመት ከአራት ወሬ ነበር። ስመለስ ሸማኔዎቹ ሦስት ቀርተዋል፤ ትልቋና አንዷ ልጆቻቸውን ተከትለው ሄደዋል። ትልቋ ስትሄድ ማሽኗን ሸፍናው ነው የሄደችው። ይህን ማንም ደብዳቤ አይመልስልኝም።

አቀባበሉ በመስታወቱ ክፍል ሆነ። ከንቲባው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንኳን ደህና መጡ! ከተማችንን እንዴት አገኟት?»

«እንደተውኳት።»

ቀልድ መስሏቸው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ወረቀታቸውን ዘርግተው ንግግር ጀመሩ። እናቴ በክብር እንግድነት ከእኔ አጠገብ ተቀምጣለች። አንዲት ቃል አትሰማም፤ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ መስታወቱን ታያለች።

እኔም ዞርኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ በጡረተኞቹ መሀል፣ ተቀምጧል። ሠራተኛ ስላልሆነ አልተጠራም። ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አውራ ጣቴ ከእጅጌው ላይ አልለቀቀም። ሳየው ተነሣ። ወደ መስታወቱ ቀረበ።

«...ይህች ከተማ» ይላሉ ከንቲባው፣ «ለሰው ልጅ ችሎታ ያላትን ክብር በተግባር...»

ከንፈሩ በዝግታ ተንቀሳቀሰ።

«የትም አልሄድኩም።»

እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እውነቱን ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ደነገጠ። ከንቲባው ግን ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እኔ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል፣ በመስታወቱ በኩል፣ ከንፈሩን ሳይሆን ዓይኑን እያየሁ መለስኩለት። ምን እንዳልኩት ከንቲባው አልሰሙም። ጡረተኞቹ ግን አንድም ሳይቀር አንብበውታል፤ ሂዱና ጠይቋቸው።